ለሪሴፕሽን ሥራ ምን ያህል እንግሊዝኛ ይበቃል?

እህቴ፣ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ልትጀምሪ እንደሆነ ነግረሽን «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ መጀመሪያ ኮርስ ልግባ ወይ?» ብለሻል። እዚሁ ከተማ ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ ካየሁት ልንገርሽ። ሰዋስው ያን ያህል አያስጨንቅሽ። ከሚመጡልን ፈረንጆች ብዙዎቹ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን ናቸው፤ እንግሊዝኛን እነሱም ተምረው ነው የሚናገሩት፤ ስህተትሽን አይቆጥሩብሽም።

ጣጣው ሰዓት ላይ ነው። ስሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ማታ መጥቶ «ፋይቭ ላይ ቀስቅሱኝ» ይልሻል። ቁጥሩን በደንብ ሰምተሽ 5 ሰዓት ብለሽ ከጻፍሽ፣ የደባርቅ መኪና በር ላይ ቆሞ እሱ እስከ ረፋድ ይተኛል። ያለሽ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው፤ ለአዳር ተረኛውም ይጠቅማል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥምቀት፣ ጥር 11፣ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ ግን 20 ይሆናል። በዚያ ሰሞን የአንድ ቀን መዛባት ቀላል አይደለም፤ ከተማው ሞልቶ ሌላ አልጋ ከየት ታመጫለሽ? ደግሞ ስም አለ። እኛ በራስ ስም እንመዘግባለን፣ ቡኪንጉ በቤተሰብ ስም ይመጣል፤ «አልተያዘልህም» ከማለትሽ በፊት ፓስፖርቱን ተቀብለሽ በሁለቱም ፈልጊ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ይሉኝታችን ነው። ያልገባንን «የስ» ብለን እናልፈዋለን። ለውዝ አይስማማኝም ያለ እንግዳን አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ «የስ» ካለው ነገሩ ሆስፒታል ሊያደርስ ይችላል። እንዲደግምልሽ ጠይቂ፣ የሰማሽውንም መልሰሽ ንገሪው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላትንም ተያት፤ የደነገጥሽ ይመስላቸዋል። (አንዷ እንግዳ «ምን ሆንክ?» ብላኛለች።)

ውሃና መብራት ሲጠፋ «ሶሪ» ብቻ ብለሽ አትቁሚ። እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደሚመጣና እስከዚያ ምን እንደምታደርጊለት ነው፤ ጀነሬተር ይነሳል? ሙቅ ውሃ በባልዲ ይላክለታል? እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሥራ ሳትጀምሪ በቃልሽ ያዣቸው፤ እንግዳው ተቆጥቶ ሲመጣ ቃል አይገኝም።

ኮርሱንስ? ሥራውን ጀምሪና ጎን ለጎን ግቢ። ከመክፈልሽ በፊት ግን ስልክ ማንሳት ያለማምዱ እንደሆነ ጠይቂ። ስልክ ላይ ፊትም እጅም አይታይም፤ እኔን መጀመሪያ ያስላበኝ እሱ ነው።