የሻገተ የቆዳ ጃኬት

ጥያቄ፦ ከአጎቴ የደረሰኝ፣ ዚፑ ደረት ላይ ሰያፍ የሚሄድ ጥቁር የሞተረኛ ጃኬት አለኝ። ክረምቱን በላስቲክ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሞ ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ክርኑም ደርቋል። ልጠበው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በፍጹም አይዘፍዝፉት። ጥፋቱ የላስቲኩ ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል።

ደጅ አውጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ቤት ውስጥ ከሆነ ብናኙ ሌላ ልብስ ላይ ያርፋል። ከዚያ አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅለው፣ ጨርቅ ነክረውና አጥብቀው ጨምቀው ይጥረጉት። አልኮል ቀለም ሊያነሳ ስለሚችል መጀመሪያ ከኮሌታው ስር ይሞክሩት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ይተዉት። ብብቱንና የኪሱን ገበር አይርሱ፤ ሻጋታው ተመልሶ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሁለት ቀን ይስቀሉት። ፀሐይና ማሞቂያ ቆዳውን ያደርቁታል፤ የደረቀ ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ደግሞ ምንም ቅባት አይመልሰውም። ሲደርቅ የቆዳ ማለስለሻ በስሱ ይቀቡት፣ ክርኑን ደገም ያድርጉት፤ አሳድረው ይወልውሉ። የምግብ ዘይት እየቆየ ይሸታልና አይጠቀሙ።

ዚፑ ከያዘ ጥርሶቹን በነጭ ሻማ ያሹ። በጉልበት አይሳቡት፤ የዚህ ጃኬት ውበቱም ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ኢርቪንግ ሾት በ1928 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ፐርፌክቶ የተባለውን የሞተረኛ ጃኬት ሲያወጣ ዚፕ መግጠሙ አዲስ ነገር ነበር። ሰያፉ ዚፕ የፊቱን ቆዳ ስለሚያደራርበው ነፋስ አያስገባም።

ከእንግዲህ ትከሻው ሰፊ በሆነ ማንጠልጠያ ሰቅለው፣ በጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት።