አባትን ከሆስፒታል ወደ ቤት ስለመውሰድ
አብሽሪ እህቴ። ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ስላሉ አባትሽን ከደሴ ወደ ቤታቸው ወረኢሉ ልውሰዳቸው ወይ ብለሻል። እሳቸው «ቤቴ» ካሉ ውሰጃቸው። ግን የሕመም ማስታገሻ ሳትይዢ እንዳትወጪ። በሽታው አይድንም ማለት ስቃዩ አይታከምም ማለት አይደለም። ለከባድ ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ፤ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂው። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒትም አብሮ ይታዘዝ። ምግብ እምቢ ካሉ አታስገድጃቸው፤ ሰውነት ሲደክም እንዲህ ነው። እኛ እናቴን በግድ አጉርሰናታል፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቢላቸው። ጎናቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው። የቅሬው (የእድሩ) ሰው ለጥየቃ ሲመጣ ተራ በተራ ይግባ፣ ብዛቱ ያደክማቸዋል። ባይመልሱልሽም አናግሪያቸው፤ ሊሰሙሽ ይችላሉ።