ስለ ሲቢስ ጠይቁኝ

ሲቢስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ሻለቃ ጦሮች ናቸው። የማወራው ስለ 2ኛው የዓለም ጦርነቶቹ ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር። ማሳሰቢያ፦ እስከ 1942 መጨረሻ ምልመላው በፈቃድ ነበር። ከዚያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈቃዱን አስቆመው፤ በግዳጅ ሆነ። ሁለቱን አትደባልቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲቪል ኮንትራክተር እያለ ለምን አስፈለጉ?

መልስ፦ ጣጣው እሱ ነው። ጃፓን በ1941 መጨረሻ በፓስፊክ ያለውን የአሜሪካ ዌክ ደሴት ስትይዝ 1,100 ገደማ ሲቪል ሠራተኞች እዚያው ነበሩ። ሲቪል መሣሪያ ካነሳ እንደ ሽምቅ ተዋጊ ሊረሸን ይችላል። አድሚራል ቤን ሞሪል ግንበኛውን ዩኒፎርም አልብሰን እናስታጥቀው አለ። በ1942 መጀመሪያ ተፈቀደለት።

ጥያቄ፦ ደሞዛቸውስ?

መልስ፦ ማዕረግ የሚሰጣቸው በሙያቸው ስለሆነ ከተራ ምልምል ይሻላል። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ጎበዞች ነበሩ?

መልስ፦ በምኑ? ጥያቄ እንደዚህ አይጠየቅም። ጉድጓድ በመድፈን ከሆነ ግን ልንገርህ። 6ኛው ሻለቃ በሴፕቴምበር 1942 የፓስፊኩ ደሴት ጓዳልካናል ገባ። ጃፓኖች አሜሪካኖች የያዙትን የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ደጋግመው ይደበድባሉ። እነሱ የ500 ፓውንድ ቦምብ ጉድጓድ ስንት አፈር እንደሚውጥ ለክተዋል። ያንኑ ያህል የጫኑ መኪኖች ዳር ላይ ተዘጋጅተው ይቆማሉ። ቦምቡ ሲወድቅ ይሮጣሉ፤ የተጣመመውን የብረት ንጣፍ ይነቅላሉ፤ አፈሩን ገልብጠው ይጠቀጥቃሉ፤ አዲስ ንጣፍ ይገጥማሉ። መቶ ሰው፣ 40 ደቂቃ! ይህ የጎረምሳ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አማካይ ዕድሜ 37 ነበር። አናጺ፣ በያጅ፣ የዶዘር ኦፕሬተር፤ መንገድና ግድብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች። እስከ 1942 መጨረሻ የገቡትን ለዩ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ አባል፦ የጓዳልካናልን የአውሮፕላን ሜዳ የጀመሩት እኮ ጃፓኖች ናቸው።

ሌላ አባል፦ መጀመር ሌላ፣ መጨረስ ሌላ።

ሦስተኛ፦ በዚህ ሂሳብ የጣርማበር ዋሻም የጣሊያን ነው በሉና!

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ማን ቆፈረው? አንተ?

መልስ፦ ጣርማበርን ሌላ ቀን ተጣሉበት። ሜዳውን ጃፓኖች ጀመሩት። ማሪኖች (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች) በተማረከ ማሽን ለአውሮፕላን አበቁት። ሲቢስ ተረክበው አስፋፉት፤ እንዳይዘጋም አደረጉ። አለቀ።

ጥያቄ፦ ሁሉም በግዳጅ የተመለመሉ ናቸው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መግቢያውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ጥቁሮችስ ነበሩ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። 34ኛው ሻለቃ ሠራተኞቹ ጥቁሮች፣ መኮንኖቹ ነጮች ነበሩ። ጥቁር የቱንም ያህል ሙያ ቢኖረው እድገት አያገኝም። በማርች 1945 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሺህ ያህሉ ሥራ ሳያቆሙ ምግብ አንበላም አሉ። ሁለት ቀን ጾሙ። አዛዡ ተነሳ።

ጥያቄ፦ ዛሬም አሉ?

መልስ፦ አሉ። ጅቡቲ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ካምፕ ሌሞኒየርም ሠርተዋል። የዛሬዎቹን ግን ሌላ ሰው ጠይቁ።