«ተቆረጠ» ወይስ «ተቋረጠ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል እሠራለሁ። በብልሽት መዝገባችን ላይ አንዱ ባልደረባዬ «ፋይበሩ ተቆረጠ»፣ ሌላው «ፋይበሩ ተቋረጠ»፣ ሦስተኛው «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው የትኛው ነው? «ፋይበር»ንስ «ቃጫ» ብንለው ያስኬዳል? ከአዘዞ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ «ተቆረጠ» እና «ተቋረጠ» ከአንድ ግንድ ቢወጡም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። የሚቆረጠው ስለት ወይም ዶማ ያረፈበት፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ የሚቋረጠው ግን ሲካሄድ ቆይቶ መሃል ላይ የቆመ ነገር ነው፤ ትምህርት ይቋረጣል፣ ጉዞ ይቋረጣል፣ ንግግር ይቋረጣል። ስለዚህ የመንገድ ቁፋሮ ፋይበሩን፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈውን መስመር፣ ቢመታው «ገመዱ ተቆረጠ፤ አገልግሎቱ ተቋረጠ» ይባላል። «ፋይበሩ ተቋረጠ» የሚለው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ አልደግፈውም፤ አገልግሎት ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ መብራት በመጥፋቱ ወይም መስመሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ የስዊቹ፣ ቅንብር በመሳሳቱም ሊቋረጥ ይችላልና፣ መዝገቡን ያነበበው ጠጋኝ ያለ ምክንያት ጉድጓድ ሊከፍት ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት ግሦች ብቻ መወሰን የአማርኛን ሀብት ማባከን ይመስለኛል። ክር ሲወጠር ይበጠሳል፤ መስታወት ሲጎዳ ይሰበራል። ፋይበር ደግሞ ክርም መስታወትም ነው፤ ውፍረቱ ከነመስታወት ልባሱ 125 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ሲሆን፣ በረጅም ርቀት መስመሮች ላይ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዱ ከምሰሶ ተጎትቶ ከሆነ «ተበጠሰ»፣ ሽፋኑ ሳይነካ ውስጡ ብቻ ከተጎዳ «ክሩ ተሰበረ» ማለት ይቻላል። ክሩ ሳይሰበር ከልክ በላይ ሲታጠፍ ብርሃኑ ወደ ውጭ ስለሚያመልጥ፣ ያን ጊዜ ተገቢው ቃል «ብርሃኑ ደከመ» ነው። የሞገድ ርዝመቱ 1550 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ሲለካ የጎላ ድካም፣ በ1310 ናኖሜትር ሲለካ ግን ያነሰ ድካም ከታየ መታጠፍን መጠርጠር የተለመደ ነው።

«ቃጫ»ን በተመለከተ፣ ቃሉ በጆሯችን ከተክል የሚወጣውን፣ ገመድ የሚገመድበትን ሻካራ ነገር ስለሚያመጣ ለጠራ መስታወት አይስማማም። «የብርሃን ክር» ይሻላል፤ «ፋይበር» ማለትም ነውር የለበትም። ዋናው ነገር «ክር»ን ከ«ገመድ» መለየት ነው፤ በአንድ ገመድ ውስጥ 12፣ 24 ወይም ከዚያ በላይ ክሮች ስለሚኖሩ አንዱ ክር ሲሰበር ገመዱ ተቆረጠ ማለት ስህተት ነው።

«ኔትወርክ ጠፋ» የደንበኛ አነጋገር ነው፤ በስልክ ሲነገር ያስማማል፣ በመዝገብ ላይ ግን ምንም አያስረዳም። በጽሑፍ «አውታረ መረብ» ማለት ይቻላል፤ «አውታር» አሥሩ የበገና ጅማቶች የሚጠሩበት ቃል ነው፤ አያያዙም በከተማችሁ ባለው «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ውስጥ «ደብር» «ደብረ» እንደሆነው ያለ የግእዝ ዘርፍ ነው።

የብርሃን ምት ልኮ ከሚመለሰው ነጸብራቅ የጉዳቱን ርቀት የሚለካው ኦቲዲአር በእጃችሁ ካለ፣ መዝገቡ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ገመዱ ሳይቆረጥ 5ኛው ክር 1240 ሜትር ላይ ተሰብሮ አገልግሎቱ ተቋርጧል።»