መጠይቁ ከተሞላ በኋላስ?

እህቴ፣ በሳይኮሎጂ ከተመረቅሽ በኋላ ሁለት ሥራ እንደቀረበልሽ ጽፈሻል። አንዱ በየመዋዕለ ሕፃናቱ እየዞርሽ የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸውን ልጆች በመጠይቅ መለየት ነው። ደመወዙ ያነሰው ሌላው ደግሞ ቤት ለቤት እየሄዱ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያጫውቱ ማገዝ። አባትሽ «ልጅ ለማጫወት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» ማለታቸው እንደከነከነሽም ገብቶኛል።

ማስረጃው የሚያደላው ግን እሳቸው ወደናቁት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በጥናት ተካተቱ። ከፊሎቹ ቤት የጤና ረዳቶች በየሳምንቱ እየሄዱ፣ ከቤት ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትና ልጅን ለሁለት ዓመት አጫወቱ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህን እገዛ ካላገኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸውም ያነሰ ነበር። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን የተከታተለ ጥናት ግን ብዙ አይገኝም።

ልብ በይ፣ ጎብኚዎቹ ዲግሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንቺ ጎብኚ ሆነሽ ብቻ እንዳትቀሪ፣ ጎብኚዎችን ወደማሠልጠንና ወደመከታተል የምታድጊበት መንገድ መኖሩን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የእናትየዋንም ጤና አትርሺ። በፓኪስታን ገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ድብርት የያዛቸውን ነፍሰ ጡሮች ማነጋገር ተምረው ነበር፤ ከወሊድ 6 ወር በኋላ ድብርቱ ያልለቀቃቸው ከ100 ሴቶች 23ቱ ሲሆኑ፣ ይህን ድጋፍ ካላገኙት ግን 53ቱ ነበሩ።

መጠይቁን አልንቅም። እኔም ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ በፊት ይዤው ዞሬያለሁ። አንዲት እናት ጋ ተቀምጬ «ልጅሽ ብዙ ጊዜ ይከፋታል?» ስላት፣ «ኧረ እሷ ጨዋ ናት፣ ድምጿም አይሰማ» አለችኝ። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው፤ የእናቷን የነጠላ ጫፍ ጨብጣ፣ ያቀረብኩላትን ኳስ እያየች እጇን አልዘረጋችም። ወረቀቱ ላይ ዜሮ፣ ማለትም «ችግር የለም» ብዬ ሞላሁ። እኛ ዘንድ ዝምታ ጨዋነት ስለሆነ፣ የተከፋው ልጅ የሚመሰገንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መጠይቁን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ማየት ይኖርብሻል።

የመጀመሪያውን ቀጣሪ አንድ ነገር ጠይቂ፦ መጠይቁ ችግር አለበት ያለው ልጅ ቢገኝ በማግስቱ ወዴት ይሄዳል፣ ማንስ ይቀበለዋል? በአገራችን የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። የጤና ጣቢያውን ወይም የሰውዬውን ስም ከጠሩልሽ ሥራው ደህና ሥራ ነው። «ሪፖርት ይደረጋል» ካሉሽ ግን እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልገባበትም፤ ለእናት «ልጅሽ ችግር አለበት» ብሎ ጥሎ መሄድ ጭካኔ ነው።

ከመወሰንሽ በፊት የሁለተኛውን ድርጅት አንድ ቀን ከጎብኚ ጋር እንዲልኩሽ ለምኚ። ዝም ብለሽ ወለሉ ላይ ተቀመጪና እናትየዋ ከልጇ ጋር ስትስቅ እዪ። የጃማይካውን ታሪክ ደግሞ ማታ ለአባትሽ፣ ከነቁጥሩ ንገሪያቸው።