አለቃ ሲያዋርድ ባልደረቦች መተጋገዝ ለምን ይተዋሉ?

ባልደረቦችዎ በወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ላይ መተጋገዝ ያቆሙት እርስዎን ጠልተው እንደሆነ ጠይቀዋል። አይመስለኝም፤ አለቃው በሰው ፊት የሚያዋርደው ሠራተኛ ቀድሞ የሚተወው፣ ቢተወው የማይጠየቅበትን ነገር ነው፤ ይኸውም ሌላውን ማገዝን። ተመራማሪዎቹ ዘላርስ፣ ቴፐርና ዳፊ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የናሽናል ጋርድ (የተጠባባቂ ጦር) አባላት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ በተለይ የበረታው መተጋገዝን ከሥራ ግዴታቸው ውጪ አድርገው በሚያዩት ዘንድ ነበር።

ስለዚህ መተጋገዙን የሥራ ድርሻ አድርጉት፤ ነገ ጠዋት ከአንድ ባልደረባዎ ጋር ደረሰኝ ተለዋውጣችሁ ለማመሳከር ይስማሙ፤ ጀማሪውም እርስዎ ይሁኑ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ ስድብ የወረደባትን ባልደረባዬን እዚያው አለቃው ፊት ደግፌ ስናገር ቁጣው በእርሷ ላይ ባሰ፤ ለሳምንታትም ቀና ብላ አላየችኝም። እርሱ እስኪወጣ ጠብቄ፣ የወረወረባትን ሰነድ አብሬያት ባስተካክል ኖሮ ይሻላት ነበር።