አማርኛ ይጋደማል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይቡ ተማሪዎች በዝተዋል። «አማካሪዬ የመጽሐፍ ርዕስ ሁሉ ኢታሊክ ይሁን ብሎኛል» ይሉኛል። እንግሊዝኛው ያምራል። አማርኛውን ሳጋድመው ግን ሊወድቅ የደረሰ አጥር ይመስላል። ምን ላድርግ?
እህታችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ዓይንሽ አልዋሸሽም። ኢታሊክ፣ ማለትም ሰያፍ (ያዘመመ ጽሕፈት)፣ እንግሊዝኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ልጅ ነው። ቬኒስ ውስጥ አልዶ ማኑዚዮ የሚባል አሳታሚ በ1501 እ.ኤ.አ. የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂልን ግጥሞች በኪስ በሚያዝ መጽሐፍ ሲያትም ሙሉውን በሰያፍ አደረገው። ፊደሉን የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው፤ መነሻውም የዘመኑ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ስለዚህ ደህና የላቲን ሰያፍ ለብቻው የተሳለ ፊደል ነው። አማርኛው ላይ ግን ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለውን ገፋ አድርጎ ያዘመዋል፣ በቃ። «ለ» ከ«ላ» የሚለየው በእግር ርዝመት ነው። እሱ ተጋድሞ፣ ቀለሙ ባለቀ ማሽን ኮፒ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እኔም እንደ አልዶ ሞክሬው ነበር። የእህቴ ልጅ ሲያገባ የጥሪ ካርዱን ዳር እስከ ዳር ሰያፍ አድርጌ ጻፍኩት። አክስቴ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘንብላ አየችውና «ካርዱ ነው የጋደለው ወይስ ዓይኔ?» አለችኝ።

አባቶቻችን ብራና ላይ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም የሚያጎሉት በቀይ ቀለም ነበር። ቀይ ቀለም ላንቺ ይወደድብሻል። የአማርኛ መጽሐፍና ጋዜጣ ስም በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፦ «አዲስ ዘመን»። አንድ ቃል ማጉላት ካስፈለገ ደማቅ አድርጊው፣ ያውም አልፎ አልፎ።

እንግሊዝኛው ላይ የመጽሐፍ፣ የጋዜጣ፣ የፊልም፣ የመርከብም ስም ሰያፍ ይሆናል። የግብርና ተማሪ ከመጣ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። የጤፍ ሳይንሳዊ ስም፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍ፣ በላቲን ሲጻፍ ሁለቱም ቃል ይጋደማል። የመጀመሪያው በትልቅ፣ ሁለተኛው በትንሽ ፊደል ይጀምራል። ከኋላ የሚከተለው የሰያሚው፣ ማለትም ለተክሉ ያን ስም ያወጣው ሰው፣ ስም ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል።

አማካሪው «አማርኛውም ይጋደም» ካለስ? ተማሪው የትምህርት ክፍሉን መመሪያ ያምጣ። እዚያ ላይ ካለ አጋድሚለት፤ ዲግሪው የእሱ ነው። «ቀጥ አድርጊልኝ» ብሎ ሲመለስ ግን እንደ አዲስ ገጽ አስከፍዪው።